ቀዳዳውን ማን በሳው?

በደቡብ ናይጄሪያ፣ በኒጀር ዴልታ፣ ከቧንቧ ነዳጅ በፈሰሰ ቁጥር አንድ ቅጽ ይሞላል። የኩባንያው ሰዎች፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችና የነዋሪው ተወካዮች አብረው ወደ ቦታው ይሄዳሉ፤ የፈሰሰውን መጠን፣ የተበከለውን መሬት ስፋትና የፍሳሹን መንስኤ መዝግበው ይፈርማሉ። ከቅጹ ክፍት ቦታዎች ሁሉ ሰው የሚጨነቀው «መንስኤ» ለምትለዋ ነው። እዚያ ላይ ዝገት ወይም የመሣሪያ ብልሽት ተብሎ ከተጻፈ ኩባንያው ካሳ ይከፍላል። ሌባ ወይም አጥፊ በስቶታል ከተባለ ግን በሀገሪቱ የነዳጅ ቧንቧዎች ሕግ መሠረት የካሳው ግዴታ ይነሳለታል። ዓሣው በሁለቱም መልስ ሞቷል፤ የጉድጓዱ ውሃም በሁለቱም መልስ አይጠጣም። (እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ምዕራፍ ክርክር በዚያች ክፍት ቦታ ላይ ነው። በኒጀር ዴልታ ነዳጅ መፍሰስ ለአሥርት ዓመታት ሲደጋገም የኖረው ማቆሚያ ዘዴ ስላልተገኘ አይደለም፤ ጥናት ስላልተደረገ ወይም ሕዝቡ ስላልጮኸም አይደለም። «ቀዳዳውን ማን በሳው?» የሚለው ጥያቄ «ቧንቧው የማን ነው?» የሚለውን ተክቶ ስለተቀመጠ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ እያንዳንዱን ፍሳሽ ለብቻው የቆመ ብልሽት ወይም ለብቻው የተፈጸመ ወንጀል ያደርገዋል፤ ስለዚህ ነገሩ በየጊዜው ከሀ ይጀምራል። ሁለተኛው ሲጠየቅ ግን ሺሁ ፍሳሽ አንድ ባለቤት ያለው አንድ ጉዳይ ይሆናል። የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች ምሬትም የሚገባን ከዚህ ስንነሳ ነው። አርክቴክቱና ገጣሚው ኒሞ ባሴይ በ2010 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከመቀበሉ ዓመታት በፊት ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚናገረው በመሠረቱ አንድ ነገር ነው። ሰሚው ይሰለቻል፤ «እነዚህ ሰዎች ነጋ ጠባ ያው ለቅሶ» ይላል። ለቅሶው የሚደጋገመው ቀብሩ ስለሚደጋገም መሆኑን ግን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። በዴልታው ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ የተገኘው በ1956 ኦሎይቢሪ በምትባል መንደር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጭነት ወደ ውጭ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የተዘረጉት ቧንቧዎች የሚያልፉት በጨዋማ ረግረግ፣ በእርሻና በመንደር ጓሮ ነው። ብረት በጨውና በእርጥበት መሃል ይዝጋል፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከውጭ የቅቡ ሽፋን ሲላጥ፣ ከውስጥ ደግሞ ከድፍድፉ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው ውሃ ብረቱን ሲበላው ቧንቧው ይሳሳል፤ አንድ ቀንም ይከፈታል። መከላከያው ከጥንት የታወቀ ነው። ቧንቧው ይቀባል፤ ዝገትን የሚገታ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይለቀቅበታል፤ የግድግዳውን ውፍረት እየለካ የሚሄድ መሣሪያ በሆዱ ውስጥ ይላካል፤ ዕድሜው ሲያልቅም ተነቅሎ ይቀየራል። ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል። የማይጠይቅ ነገር ቢኖር ሌባ እስኪገኝ መጠበቅ ነው።

ነዳጁ አንዴ ከወጣ በኋላ ያለው ታሪክ ደግሞ ከሌላው ባሕር ይለያል። በሰፊ ውቅያኖስ ላይ ማዕበልና ፀሐይ ድፍድፉን በከፊል ይበታትኑታል፤ ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን እያገኙ ይበሉታል። የኒጀር ዴልታ ሰፊ ክፍል ግን በማንግሮቭ ደን የተሸፈነ ነው። ማንግሮቭ በጨዋማ ጭቃ ውስጥ የሚበቅል፣ ከጭቃው በላይ በወጡ ሥሮቹ የሚተነፍስ ዛፍ ነው። የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ እየመጣ እየሄደ ነዳጁን በሥሮቹ ላይ ይለቀልቀዋል፤ ትንፋሹ ይዘጋል። ጭቃው ውስጥ የገባው ነዳጅ ደግሞ ኦክስጅን ከሌለበት ደርሷልና የሚበላው የለም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ ውሃስ ቢያንስ ደርቆ ይሄዳል።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም፣ ዩኔፕ፣ በዴልታው ውስጥ ስላለው የኦጎኒ ሕዝብ ምድር በ2011 ያወጣው ጥናት ይህን ሁሉ በቁጥር አስቀምጦታል። ባለሙያዎቹ ከ200 በላይ ቦታዎችን መረመሩ፤ ከ5,000 በላይ የሕክምና መዝገቦችን አገላበጡ። ኒሲሲኦከን ኦጋሌ በተባለ ሥፍራ ነዋሪው ከሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ቤንዝን የተባለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል አገኙ፤ ከመኪናው ቤንዚን ጋር ስሙ ቢቀራረብም የተለየ ነገር ነው። መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ከፈቀደው ከ900 እጥፍ ይበልጥ ነበር። በዚያው አካባቢ በከርሰ ምድር ውሃው ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነዳጅ ተንሳፍፎ ተገኘ። በ49 ቦታዎች ነዳጁ ቢያንስ 5 ሜትር ጥልቀት ድረስ ወርዷል። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ቁጥር ግን ሌላ ነው። በአካባቢው ነዳጅ ያወጣ በነበረው በሼል ኩባንያ መዝገብ ላይ «ጽዳቱ ተጠናቋል» ከተባሉት ቦታዎች 15ቱ ሲመረመሩ 10ሩ የኩባንያውን የራሱን መለኪያ እንኳ አላለፉም። ይህ ስለ ሌባ የሚናገር ቁጥር አይደለም። ቀዳዳውን ማንም ይብሳው፣ ማንም ይድፈነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የባለ ቧንቧው ነበር። የጽዳቱ ዘዴ በአብዛኛው የተበከለውን አፈር እዚያው እያገላበጡ ማዳበሪያ ነስንሶ ተፈጥሮ እንድትጨርሰው መተው ነበር፤ ዩኔፕ ይህ ዘዴ አልሠራም ብሏል። ነዳጁ አምስት ሜትር ወርዶ ሳለ ላይ ላዩን መኮትኮት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ጥናቱ ምድሪቱን ለመመለስ ከ25 እስከ 30 ዓመት እንደሚፈጅና ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ገመተ። መንግሥት የጽዳቱን መጀመር በይፋ ያበሰረው በ2016 ነው። መሬት ላይ ሥራው የተጀመረው በ2019 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህን ነው፤ እዚህ ግን ጅቡም አልሄደም።

ቦዶ የምትባለውን የዓሣ አጥማጆች ከተማ ብንመለከት የቅጹ ነገር ይበልጥ ይገለጣል። በ2008 ትራንስ ኒጀር ከተባለው ትልቅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ሁለት ጊዜ ነዳጅ ፈሰሰ። ሁለቱም የመሣሪያ ብልሽት መሆናቸውን ሼል አምኗል፤ ስለዚህ ስለ ሌባ መከራከር አላስፈለገም። የቀረው ክርክር ስለ መጠን ነበር። በጋራ ምርመራው ሰነድ ላይ የመጀመሪያው ፍሳሽ 1,640 በርሜል ተብሎ ተመዘገበ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ያማከራቸው የቧንቧ ባለሙያዎች የፍሳሹን ቪዲዮ አይተው ሲያሰሉት ከ100,000 በርሜል በላይ ሆነ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የአላስካው የኤክሰን ቫልዴዝ አደጋ ወደ 260,000 በርሜል ነበር፤ ቦዶን የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው? ነዋሪዎቹ ለንደን ሄደው ከሰሱ፤ ሼል የተመዘገበው መጠን ማነሱን በ2014 በፍርድ ቤት ሰነድ ላይ አመነ፤ በ2015 መጀመሪያ 55 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ቅጹ ትክክለኛ ቢሆን ኖሮ እንግሊዝ ድረስ መሄድ ለምን ያስፈልግ ነበር? መልሱ ቀላል ነው፤ ጀልባውም፣ ባለሙያውም፣ መለኪያውም የኩባንያው ነው። ተከሳሹ መርማሪውን በጀልባው ጭኖ ይወስዳል።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ እንምጣ። ኩባንያዎቹ ለዓመታት ሲሉ የኖሩት አብዛኛው ፍሳሽ የስርቆትና የማበላሸት ውጤት ነው፤ ለሌባ ጥፋት ባለንብረቱን መቅጣት ፍትሕ አይደለም ነው። ይህን ተቃውሞ በንቀት ማለፍ አይገባም። በዴልታው ቧንቧ እየበሱ ድፍድፍ መቅዳት፣ በጫካ ውስጥም በበርሜል አፍልቶ ማጣራት የተስፋፋ ሥራ ነው። ዩኔፕ ራሱ ከ2007 በኋላ በኦጎኒ ምድር የዚህ ዓይነቱ ማጣራት መብዛቱን ጽፏል፤ ብክለቱም ከባድ ነው። ተሟጋቾች ይህን ሲሸፋፍኑ ክርክራቸውን ራሳቸው ያዳክሙታል። ግን ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ተደባልቀዋል፤ ቀዳዳውና ፍሰቱ። ቀዳዳውን ሌባ ሊበሳው ይችላል። ከቀዳዳው ለስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን፣ ለስንት ሳምንት እንደሚፈስ የሚወስነው ግን ግፊቱ መቀነሱን የሚያይ መሣሪያ መኖር አለመኖሩ፣ መስመሩን የሚዘጋ ሰው መድረስ አለመድረሱ ነው። ይህ በሌባው እጅ አይደለም። በ2021 መጨረሻ በባየልሳ ክፍለ ሀገር ኔምቤ አካባቢ አይቴኦ የተባለው ኩባንያ የሚያንቀሳቅሰው ጉድጓድ ፈንድቶ ከአንድ ወር በላይ ሲፈስ ቆየ። ኩባንያው መንስኤው ማበላሸት ነው ብሏል። ይሁን ብለን ብንቀበለው እንኳ ማበላሸቱ የመጀመሪያውን ቀን ያስረዳል፤ ሠላሳኛውን ቀን አያስረዳም።

ይህን ልዩነት ፍርድ ቤትም አይቶታል። አራት ናይጄሪያውያን ገበሬዎች ከአንድ የኔዘርላንድስ የአካባቢ ድርጅት ጋር ሆነው በ2008 የጀመሩት ክስ በ2021 በሄግ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሲወሰን፣ ዳኞቹ ሁለት ነገር አሉ። አንደኛ፣ በናይጄሪያ ሕግ ማበላሸት ነው ብሎ የሚከራከር ኩባንያ ይህን ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት፤ ሼል በኦሩማና በጎይ መንደሮች ፍሳሾች ላይ ይህን ማድረግ አልቻለም። ሁለተኛ፣ በኦሩማው መስመር ላይ ፍሳሽ የሚያስታውቅ መሣሪያ እንዲገጠም አዘዙ። በሚቀጥለው ዓመት ሼል 15 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማማ። ካሳው ለክሱ ዓመታት ብዙ አይደለም። ትዕዛዙ ግን ከካሳው ይበልጣል፤ ስለ ቀዳዳው የነበረውን ጥያቄ ወደ ፍሰቱ ያዞረ ነውና።

ሌብነቱን በተመለከተ አንድ ጨምሬ ልለፍ። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚል ክፉ ምክር በእኛም ዘንድ አለ። ዓሣው ያለቀበት፣ ማሳው የተቃጠለበት ወጣት በመንደሩ መሃል የሚያልፈውን ሀብት ሲያይ ይህ ምክር አይነገረው እንጂ ይገባዋል። ይህ ለሌብነት ማመካኛ አይደለም፤ ሌብነቱን እንደ መነሻ ምክንያት አድርጎ ማቅረብ ስህተት መሆኑን ለማሳየት ነው። የናይጄሪያ የ2021 የነዳጅ ኢንዱስትሪ ሕግ ደግሞ በተቃራኒው ሄዷል። ለአካባቢው ማኅበረሰብ ኩባንያው በየዓመቱ የሥራ ማስኬጃ ወጪውን 3 በመቶ ለልማት ፈንድ እንዲሰጥ ያዛል፤ በማኅበረሰቡ ክልል ቧንቧ ከተበላሸ ግን የጥገናው ወጪ ከዚያ ድርሻ ይቀነሳል። አንድ ሌባ ሲበሳ ሺህ ሰው ይቀጣል ማለት ነው። የቀዳዳው ጥያቄ እስከዚህ ድረስ ሊወስድ ይችላል።

«ነዳጅ ካለ መፍሰስ አይቀርም» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፤ ይህ ግን በማስረጃ የተረታ ነው። በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለች መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ አለት ላይ ወጥታ ጭነቷን ባሕር ላይ ካፈሰሰች በኋላ መንግሥታት በ1969 አንድ ስምምነት አደረጉ፤ ጥፋተኛ መሆኑ ይረጋገጥም አይረጋገጥ ባለ መርከቡ ይከፍላል፣ ለዚህም አስቀድሞ ኢንሹራንስ ይገባል የሚል ነው። ከኤክሰን ቫልዴዝ በኋላ ደግሞ አሜሪካ በ1990 ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ድርብ ግድግዳ እንዲኖራቸው በሕግ አዘዘች፤ ሌላውም ዓለም ተከተለ። በ1970ዎቹ ከ7 ቶን በላይ የፈሰሰባቸው የመርከብ አደጋዎች በአማካይ በዓመት ወደ 79 ነበሩ። በ2010ዎቹ ወደ 6 ወርደዋል። በመካከሉ በባሕር የሚጓዘው ነዳጅ አልቀነሰም፤ ጨመረ እንጂ። ባሕር ላይ ሌባ የለም የሚል ካለ፣ ባለ መርከቡ በሦስተኛ ወገን ተንኮል ምክንያት ነፃ በሚወጣበት ጊዜ እንኳ ተጎጂው የሚካሰው ነዳጅ ተቀባዮች በሚያዋጡበት ዓለም አቀፍ ፈንድ መሆኑን ያስታውስ። ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል፤ ተደርጓልም።

ለእኛ ቀረብ የሚለው ምሳሌ ቀይ ባሕር ላይ ነው። ሴፈር የተባለችው ያረጀች የነዳጅ ማከማቻ መርከብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ይዛ የመን ጠረፍ ላይ ለዓመታት ያለ ጥገና ቆማ ነበር። ብትሰበር ኖሮ ፍሳሹ የኢትዮጵያ ነዳጅና ሸቀጥ የሚገባባትን የጅቡቲን ባሕርና የኤርትራን ዓሣ አጥማጆች ይነካ እንደነበር የተባበሩት መንግሥታት አስጠንቅቋል። ለጽዳቱ ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በነሐሴ 2023 ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገለበጠ፤ ለጠቅላላው ሥራ የታቀደው ወጪ ወደ 143 ሚሊዮን ዶላር ነበር። መርከቧ ለምን አረጀች፣ ጥፋቱ የየትኛው ተፋላሚ ነው የሚለው ክርክር እስኪያልቅ ቢጠበቅ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያስቸግርም። እዚያም ቢሆን ገንዘቡን ለማግኘት የተባበሩት መንግሥታት ከተራ ዜጎች እስከ መለመን ደርሶ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ የኢኮኖሚ ነው። ናይጄሪያ የውጭ ምንዛሬዋን በአብዛኛው የምታገኘው ከነዳጅ ነው፤ ኩባንያዎቹን በካሳና በክስ ማስመረር ሀገርን መጉዳት ነው ይባላል። ይህ ሂሳብ ትክክል የሚሆነው ገቢው ብቻ ሲጻፍ ነው። በቀድሞው የዮርክ ሊቀ ጳጳስ በጆን ሴንታሙ ይመራ የነበረው የባየልሳ ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ዘገባ ያንን አንድ ክፍለ ሀገር ለማጽዳት ብቻ በ12 ዓመት ውስጥ 12 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ብሏል። በገንዘብ የማይጻፍም አለ። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት የአንዲት እናት ልጆችን እርስ በርስ አነጻጸረ፤ በአቅራቢያዋ ነዳጅ ከመፍሰሱ በፊት የተፀነሰውንና ከፈሰሰ በኋላ የተፀነሰውን። እናቲቱ ያችው ስለሆነች ድህነቱም፣ መንደሩም፣ ትምህርቷም አንድ ነው። ፍሳሽ የቀደመው ፅንስ በተወለደ በመጀመሪያው ወር የመሞት ዕድሉ በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ወጪ በየትኛው የሀገር መዝገብ ላይ ነው ያለው? ኦጎኒ ደግሞ የዚህን ሂሳብ ውሸት ከማንም በላይ ያሳያል። በጥር 1993 በደራሲው በኬን ሳሮ-ዊዋ የተመራው ንቅናቄ ወደ 300,000 ሰው አደባባይ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ሼል በኦጎኒ ማምረት አቆመ። በኅዳር 1995 የሳኒ አባቻ ወታደራዊ መንግሥት ሳሮ-ዊዋንና ስምንት ጓዶቹን ሰቀለ። ከዚያ በኋላ ከኦጎኒ ጉድጓዶች ነዳጅ አልወጣም፤ በምድሩ የሚያልፈው ቧንቧ ግን መፍሰሱን አላቆመም። ቦዶ የኦጎኒ ከተማ ናት።

የባለቤትነቱ ጥያቄ አሁን አዲስ መልክ ይዟል። ሼል በዴልታው የብስ ላይ የነበረውን ድርጅቱን ሬነሳንስ ለተባለ የኩባንያዎች ጥምረት ሸጦ ሽያጩ በ2025 ተጠናቋል። «ቧንቧው የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ትናንት ሌላ፣ ዛሬ ሌላ ሊሆን ነው። ገዢው ሀብቱን ሲረከብ ብክለቱንም ይረከባል፣ አቅሙ ካልፈቀደ ሻጩ ይጠየቃል የሚል ጥብቅ ሕግ ከሌለ፣ የቀዳዳው ጨዋታ በባለቤቶች መቀያየር ይቀጥላል። ተስፋ የሚሰጥ ምልክት የመጣው እንደገና ከለንደን ነው። በ2025 የዚያው ከተማ ፍርድ ቤት የዴልታው የኦጋሌና የቢሌ ነዋሪዎች በሼል ላይ ባቀረቡት ክስ በሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔ፣ ያልተጸዳ ነዳጅ በሰው መሬት ላይ እስከቆየ ድረስ በየቀኑ አዲስ የክስ ምክንያት ይወልዳል አለ። ተሟጋቾች ለዓመታት ሊያስረዱ የሞከሩት ይህንኑ ነበር፤ ፍሳሹ የሆነው ያን ቀን ብቻ አይደለም፣ ዛሬም እየሆነ ነው።

በዚያው ዓመት በሰኔ ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ ለሳሮ-ዊዋና ለስምንቱ ጓዶቹ ከተሰቀሉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይቅርታ ሰጡ። ይቅርታ የሚሰጠው ላጠፋ ሰው ነውና ንቅናቄያቸው የጠየቀው ንጹሕነታቸው እንዲታወጅ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥር፣ መንግሥት በኦጎኒ ነዳጅ ማውጣት እንደገና ስለሚጀመርበት ሁኔታ ከአካባቢው መሪዎች ጋር ንግግር ከፍቷል። ዩኔፕ የቆጠረው የ30 ዓመት ጽዳት በዚያን ጊዜ ገና ስድስተኛ ዓመቱ ላይ ነበር።